ግማሽ ዓመት ጥላ

ብርድ ልብስ በሚሸመንበት፣ በዚህ በእኛ ከተማ
«የፀሐይ ክሬም» ቢሉት፣ ማን አምኖ ይሰማ?

ኅዳር ነው። የባልዲው ውኃ፣ ፊቱን በረዶ ቋጥሯል፤
ጠባሴ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ጭጋግ ውስጥ አንገቱን ቀብሯል።
ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ያ መዘዘኛ ፀሐይ፤
ብርዱን ከትከሻ ሳያወርድ፣ ቆዳን ከፊት የሚለይ፣
ሲልጥ እንጂ ሲያሞቅ የማይታይ።

ወንድሜ ጌጡ ተሳቢውን፣ በታርማበር ሽቅብ ጎትቶ
ለእህቱ ልጅ ቱቦ አመጣ፣ ከጅቡቲ ገዝቶ።
«ቀቢያት» አለ፣ «አፋር ላይ አይቻለሁ፣ ፀሐይ የሚያደርገውን»፤
ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ፣ ሊፈትሽ ጎማውን።

ቱቦው ላይ ሕፃን ይስቃል፣ ጥርስ አልባ፣ ጉንጩ ሙሉ፤
ከሥሩ ደቃቅ ፊደሎች፣ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ።

እትዬ ወርቅያንሱ በአጥሩ፣ አንገታቸውን አሻግረው
«ቅቤ ቀብተሽ አውጫት» አሉኝ፣ «አጥንቷን ፀሐይ ያጠንክረው፤
ሰባቱን ሳሳድግ እኔ፣ ቱቦ መች አየሁ?»
አልተከራከርኩም፣ ሰማሁ።

እኔ ግን የሚያስፈራኝ አለ። ማቅለሚያ ቤት ሁለት ዓመት
ሰማያዊውን ሳማስል፣ አንጓዬን የነከሰው እሳት
ዛሬም አለ። ጓንቴ ቀዳዳ ነበር።
«ቀለም ብቻ ነው» አለ አለቃው፣ «ማታ ቤትሽ ይለቃል።»
አልለቀቀም። ቆዳ እንደ ጋቢ ነው፤ የነካውን ይጠጣል፣
የጠጣውን ያውቃል።

ልጄን አዝዬ፣ ቱቦውን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ
ወደ ይታገሱ ፋርማሲ፣ የበሬሳን ድልድይ ተሻግሬ።

መነጽሩን አወለቀ፣ የስልኩን መብራት አበራ፤
የጉንዳኖቹን ሰልፍ፣ በስም በስማቸው ጠራ።
«ይኼ ዚንክ ነው፣ ከላይ ይተኛል፤ እንደ ቆርቆሮ ጣራ
ጨረሩን ያስቀራል። ይኼኛው ግን… ኦክሲቤንዞን…
ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በአዋቂ ደም ውስጥ አግኝተውታል።»

«ይጎዳል?»

ዝም አለ። መዋሸት ቢችልበት፣ ያኔ ነበር የሚሸጥልኝ።
«አይታወቅም» አለኝ።
«ገና እየተጠና ነው። ሽቶውን ግን፣ ለሕፃን እኔም አልወደው።»

«አይታወቅም» የሚል ሻጭ፣ ከባንኮኒ ኋላ ቆሞ
አይቼ አላውቅም ቀድሞ።

«ስንት ወሯ ነው?»
«አራት። ከሳምንት።»
«እንግዲያው ይኼም ያም ይቅር፤ ዚንኩም ቢሆን ይቆይ፤
እስከ ስድስት ወሯ ጥላ ነው መድኃኒቷ፤ አታሳያት የቀትር ፀሐይ።»
«አጥንቷስ?»
ጠብታ ሸጠልኝ። ደረሰኝ ቆረጠ፣ ማኅተም መታ።
«ጥላውስ ስንት ነው?» አልኩት፤ ሳቀ፣ ለአንድ አፍታ።

ነፃ መስሎት ነው። ጥላ፣ ነፃ ሆኖ አያውቅም፤
የጠዋቱ ግድግዳ ሥር፣ ቀትር ላይ አይገኝም።
ፍራሿን ይዤ እዞራለሁ፣ ከባሕር ዛፉ ወደ ቆጡ፤
እንደ ዶሮ ያመልጠኛል፣ ሰዓቶቹ ሲመጡ።
ከአሮጌ አንሶላ ኮፍያ ሰፋሁላት፣ ክንፉ ትከሻዋን ያለፈ፤
«እንጉዳይ አስመሰልሻት!» የእትዬ ሳቅ አጥሩን ገፈፈ።

ጌጡ ቅዳሜ ተመለሰ። ግራ ክንዱን አየሁት፦
የመስኮቱን ክንድ፣ የሰርዶን ፀሐይ ሲጠጣ የኖረውን፣
ከቀኙ ጋር አንድ እናት የወለደችው የማይመስለውን።
ስንት ዓመት ሻይ ስቀዳለት፣ እንዴት ሳላየው ቀረሁት?
«ቁጭ በል» አልኩት። ቱቦውን ከፈትኩት።
«ለልጅ አይደል እንዴ?» አለ። መልስ አልሰጠሁም፣ ቀባሁት።

ሽቶው ግቢውን ሞላው። እሱ በርጩማው ላይ፣ በፀሐይና በልጄ መሐል፤
ሰፊ ጥላው ፍራሹ ላይ ወድቋል።

«አትነቃነቅ» አልኩት።
«እስከ መቼ?»
«ገና ሁለት ወር ይቀራታል።»